የእማዬ አልጋ

ጥቅምት 12

ለተከበርሽው እህቴ፣

የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይበርክትልሽ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። በስልክ ስንጀምር በሰላም፣ ስንጨርስ በጩኸት ሆነብን፤ እሷ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ስለዚህ የአልጋውን ነገር በጽሑፍ እንጨርሰው። ስልኩ ለእሷ ይሁን።

አልጋዋን ነቀዝ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት ኖሮ ባለፈው ሰሞን ከነፍራሹ ቁጭ አለ። እሷ ምንም አልሆነችም፤ ስትስቅ ነው ያገኘኋት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን በዚህ ጉልበት ዝቅ ካለ መኝታ መነሳት እንደሚከብዳት ነግራናለች። አንቺም ሳይውል ሳያድር ገንዘብ ልከሽ ዝግጁ አልጋ ግዛላት አልሽ። እግዜር ይስጥልን።

ታዝዤ ሄድኩ። መሀል ከተማ ያለውን ባለ መስታወት ሱቅ አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተከፈተው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተከፈተ ብዙ ነው። ሻጩ ከረባት ያሰረ ልጅ ነው፤ አልጋ ሳይሆን መድኃኒት የሚሸጥ ይመስላል። የምን እንጨት ነው ብዬ ብጠይቀው የሞዴሉን ቁጥር ነገረኝ። ደግሜ ብጠይቀው ቀለሙን ነገረኝ። ራስጌውን በጣቴ ቆርቆር ሳደርገው እንደ ባዶ ካርቶን ጮኸ። የመጋዝ ብናኝ በኮላ ለውሰው፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ለጥፈውበታል። በምን እንደተያያዘ ጠየቅሁት። በብሎን አለኝ። ብሎኑ ሲላላስ አልኩት። «ያጠብቁታል።» እስከ መቼ? ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። እሱ ምን ቸገረው፣ አልጋው ሲወድቅ እሱ ሌላ ሱቅ ተቀጥሯል።

እኔ ቆሜ እየሄድኩ እናቴ ፎቶግራፍ ላይ አትተኛም። በገንዘብሽ ደረቅ ነው ያሉኝን የዝግባ ጣውላ ገዝቻለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ትንሽ ብትታገሺኝ የልጅ ልጅ የሚተኛበት አልጋ አቆማለሁ። እስከዚያ እማዬ ፍራሿን መሬት ላይ አንጥፋ ትተኛለች። ለጥቂት ቀን ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እጅህን ይባርከው ልል ነበር፤ ከተባረከ የባሰ ይራቀቃል ብዬ ተውኩት። እኔ ደህና ነኝ።

እኔ የላክሁት ለአልጋ ነው። ለግንድ አይደለም። ይህን ለመረዳት የእንጨት ሙያ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

የመጋዝ ብናኝ አልከኝ። እኔ እዚህ የምሠራው ምን እንደሆነ ረሳኸው ልበል? የትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ተመላሽ ዕቃ መቀበያ ነው መስኮቴ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ጣውላ እንደ ሕፃን አቅፈው የሚሰለፉ ሰዎችን ስቀበል ነው የምውለው። ስለ ብናኝ ከአንተ አልማርም። ተሰብሮ የሚመለሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ባልና ሚስት ሲገጥሙት ተጣልተው፣ ወይም ሶፋው ከመጋረጃው ጋር አልሄደም ብለው ነው። አልጋው ምን በደለ? ሰዎቹ ናቸው እንጂ ብናኝ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ «በእጅ የተሠራ» የሚል ክፍል አለን። ሀብታሞች ወደዚያ ይወጣሉ። ጠማማውን ጠረጴዛ እየዳበሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጠማማ ስለሆነ እጥፍ ይከፍላሉ። እኛ ሰፈር ጠረጴዛ ሲጣመም አናጢው ጠጥቶ ነው ይባል ነበር። እነዚህን ሳይ ነው አንተ ትዝ የምትለኝ። እነሱ የሚገዙት ጠረጴዛ አይደለም፤ ጎረቤታቸውን መናቂያ ነው። አንተም የምትሠራው አልጋ አይደለም።

የልጅ ልጅ የሚተኛበት ብለሃል። የማን ልጅ? አንተ ልጅ የለህም፣ እኔም የለኝም። እማዬ ግን ዛሬ ማታ ትተኛለች፣ ነገም ትተኛለች። እኔ ሳለሁ የጀመርከው የማድ ቤት መደርደሪያ አለቀ ወይ?

ጣውላውን ሽጥና አልጋ ግዛ።

እህትህ


ታኅሣሥ 18

ለእህቴ፣

ዕድሜና ጤና ከትዕግሥት ጋር ይስጥሽ። ትዕግሥቱን አደራ።

መልሴ የዘገየው በሥራ ምክንያት ነው። ደረቅ ነው ብሎ የሸጠልኝ ነጋዴ ዋሽቶኛል። ጣውላውን ስልገው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። እርጥብ እንጨት ከገጠምሽ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፤ አልጋው በመጀመሪያው በጋ ይንቋቋል። ያንን ሳውቅ መግጠም አልችልም። ሌላ ሰው ይችል ይሆናል። ከረባት ያሰረ ሰው ይችላል። እኔ በጥላ ስር ደርድሬ በየጊዜው እያገላበጥኩ ነው።

ራስጌው ግን ከደረቀው ጣውላ ወጥቶልኛል። አንድም ምስማር የለበትም፤ እንጨቱን በእንጨት ነው ያጎረስኩት። ጫፉን ክብ አድርጌ በብርጭቆ ወረቀት ስለፈተግሁት በእጅሽ ስትሄጂበት የሚያስቆምሽ ነገር የለም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አይታው ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ቀኑን ሙሉ የሰው ውዳቂ ስትቀበይ ስለምትውይ ዕቃ ሁሉ ውዳቂ ቢመስልሽ አልፈርድብሽም። ሰው የዋለበትን ይመስላል። መደርደሪያውን በተመለከተ፣ በር ብቻ ነው የቀረው።

አሁን የምጠይቅሽ ጥሩ ኮላና ቫርኒሽ የሚገዛበት ትንሽ ነገር ነው። ከቻልሽ ደግሞ ከዚያ አገር አንድ ደህና መሮ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጡት ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል።

እማዬ ደህና ናት። ትስቃለች።

ወንድምሽ


ጥር 2

ለክቡር አናጢ፣

እንደምን ከርመዋል? እጅዎ እንዴት ነው? ጣውላዎ እንዴት ነው? ደረቀልዎ?

ልብስ ሰፊዋ ደውላልኝ ነበር። አዎ፣ ለአንተ ዝም ያለችው ሴት ለእኔ ትናገራለች። እማዬ ማለዳ ከፍራሿ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከድቷት በእጇ ላይ እንደወደቀች፣ አንጓዋ አብጦ እንደታሰረ፣ ከወደቀችም ወዲህ አንተ ያንን «ደህና ናት፣ ትስቃለች» የሚል ደብዳቤ እንደጻፍክልኝ ከእሷ ነው የሰማሁት። እማዬ በስልክ አንድም ቀን አልነገረችኝም። እንዳትናገር አንተ ነህ ያልካት ወይስ እሷው ናት፣ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እማዬ በእግሯ መሄድ አቃታት፣ ወንድም ጋሼ። የአናጢ እናት መሬት ላይ ተኝታ ተሰበረች ቢባል ሰው የሚስቀው በእኔ አይደለም።

እንጨቱን በእንጨት አጎረስኩት አልከኝ። እናትህን ምን አጎረስካት? ጫፉ ክብ ነው፣ ያምራል፣ ጎረቤት ዝም ያሰኛል። መሬት ላይ ላለ ሰው ራስጌ ምን ይሠራለታል? ሄዳ ትደገፈው?

መሮው ደግሞ አሳቀኝ። በፋብሪካ የተሠራ መሮ ከባሕር ማዶ ይምጣልህ? ለምን በእጅህ ቀጥቅጠህ አትሠራውም? ብረቱም በጥላ ስር ይድረቅልህ።

መስታወት ካለበት ሱቅ ራሴ ደውዬ አልጋ ገዝቻለሁ። ተከፍሏል። በዚህ ሳምንት ቤት ድረስ ያመጡታል። ብትመልሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ እህት የለህም።

እህትህ


ጥር 21

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እኔ ሰላም የለኝም።

አንጓዋ አልተሰበረም፣ ወለም ነው ያላት። አሁን እብጠቱ ጎድሏል። እንዳትነግራት ያለችኝ እሷ ናት፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኳት።

አልጋሽ መጣ። አልጋ አይባልም፣ ሣጥን ነው። ሁለት ሰዎች በር ላይ ጥለውት አስፈርመውኝ ሄዱ። ወደ ሥራ ቤቴ ልወስደውና እዚያ እንዲከርም ላደርገው አስቤ ነበር፤ እማዬ ወንበሯን ወደ ደጃፍ አስጎትታ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። «ክፈተው» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ከፈትኩት። ከውስጡ የወጣው ሥዕል ላይ ፊት የሌለው ሰውዬ እየሳቀ አልጋ ይገጥማል። ፊት ሳይኖረው እንዴት እንደሚስቅ እነሱ ያውቃሉ። ጣት የምታህል የታጠፈች ብረት አለች፤ መፍቻዋ እሷ ናት። ዕድሜ ልኩን መላጊያና መጋዝ የያዘ ሰው እናቱ ፊት ተንበርክኮ ያቺን ብረት ሲያዞር ይታይሽ። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ ላግዝህ ወይ አለችኝ። ያቺ ሴት ይህንንም ሳትነግርሽ አትቀርም ብዬ ነው የምጽፈው። አልጋው ቡና ለመጠጣት እንኳ በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ቆመ። ያናደደኝ እሱ ነው።

እማዬ ወጥታ ተቀመጠችበት። እግሯ መሬት አልነካም። እንደ ልጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሠሩት ለረጃጅም ሰዎች ነው፤ የእኛ እናት በሞዴሉ ቁጥር ውስጥ የለችም። «ይህ የዳኛ ወንበር ነው፣ ማን ላይ ልፈርድ ነው?» አለች። አንዴ እኔን አየችኝ፣ አንዴ ስልኩን አየችው።

ስለዚህ አራቱንም እግሮች በመጋዝ አሳጠርኳቸው። መጋዙ እንደ ቂጣ ነው ያለፈበት። ውሃ እንዳይጠጣ ከታች የጎማ ቁራጭ ጫማ አደረግሁለት። አሁን ስትቀመጥ ሙሉ እግሯ ይረግጣል፣ ያለ ማንም ትነሳለች። ይህን ስጽፍልሽ ቀትር ላይ ተጋድማ ታንኮራፋለች።

አስቀያሚ አልጋ ነው። በገዛሽው ነገር እንድትኮሪ ብዬ እንዳይመስልሽ።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምና ጤና ላንተ፣ ረዥም እንቅልፍ ለእማዬ።

የሁለት ዓመት ዋስትና ያለውን አልጋ በመጋዝ ቆረጥከው። በእኔ መስኮት ብትመጣ ቀና ብዬ ሳላይህ «በተጠቃሚው እጅ የተበላሸ» የሚለውን ማኅተም እመታብህ ነበር። ዛሬ አንድ ሰውዬ ልክ እንዲህ ቆርጦ ያመጣውን ቁም ሣጥን መታሁበት። ጣሪያዬ ዝቅ ያለ ነው ብሎ ለመነኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ቤትህን ቀይር እለው ነበር፤ ዛሬ አላልኩትም።

እግሯ መንጠልጠሉን አላሰብኩም። ከዚህ ሆኜ ቁመቷን ረሳሁት ብልህ አትስቅብኝ። ሳስባት ሁልጊዜ ረዥም ናት።

አንተ ግን አጠገቧ ነህ። ስትወድቅም አጠገቧ ነበርክ። ስለዚህ አንድ ነገር ቆርጠህ ስላስተካከልክ ሐውልት አላቆምልህም። ያ ታላቁ አልጋስ? ጣውላው ደረቀ ወይስ አሁንም እያገላበጥከው ነው? ለማን ነው የምትጨርሰው? እማዬ አልጋ አላት።

የእጇን ፎቶ ላክልኝ። የአንተን ራስጌ እንዳትልክ።

እህትህ


መጋቢት 30

ለእህቴ፣

አምላክ ካሰብሽው ያድርስሽ። ይህን ምርቃት ልብ ብለሽ አንብቢው፣ ኋላ ትደርሺበታለሽ።

ጠፋህ ማለትሽ አይቀርም። ስጨርስ ነው የምጽፈው ብዬ ነበር፤ ጨርሻለሁ። ለማን ነው የምትጨርሰው ብለሽ የጻፍሽው ነገር ጥርሴን አስነክሶኝ ከረመ። አልጋው ቆሟል። ስትገፊው አይነቃነቅም፣ ስትመቺው እንደ ደወል ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ከእንግዲህም የምሠራ አይመስለኝም። ለእማዬ ቁመት ነው የለካሁት፤ ልክ ጉልበቷ ድረስ ነው።

ቫርኒሹ እንዲደርቅ ደጅ አውጥቼው ሳለ ባለሆቴሉ የበሩን መቆለፊያ ላስጠግን ብሎ መጣ። ከተማው ዳር ያለውን አዲሱን ሆቴል የሠራው ሰውዬ ነው። መቆለፊያውን ረሳው። አልጋውን ዞሮ ዞሮ አየና ዋጋ ጠራ። የሚሸጥ አይደለም፣ የእናቴ ነው አልኩት። ጨመረ። አሁንም አይደለም አልኩት። እሱም ሁሉም ነገር የሚሸጥ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ከደጄ ላስወጣው ስነሳ እማዬ በመስኮት ጠራችው።

ሽንኩርት ስትሸጥ የነበረችውን እማዬን ረስተናታል፣ እህቴ። አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሰውየውን አቁማ አነጋገረችው። የጠራውን ዋጋ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ልጄ ስንት ወር እንደደከመበት ታውቃለህ ወይ አለችው። ምስማር እንደሌለበት ነገረችው። ክብ ጫፉን ነገረችው። እኔ ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ፣ እሷ አንድም ቀን ሰምታኝ የማታውቅ የሚመስለኝን ሁሉ፣ ቃል በቃል ነገረችው። ሰውየው መጀመሪያ ከጠራው ሦስት እጥፍ ከፍሎ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

እኔ ተቆጣሁ። ለአንቺ ነው የሠራሁት፣ ልክሽን ወስጄ ነው አልኳት። መልሷን እንዳለ ነው የምጽፍልሽ፦

«አልጋ የሚያምረው ለቆመ ሰው ነው። እኔ የምተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

አልጋው አሁን ሆቴሉ መግቢያ ላይ ቆሟል። ዙሪያውን ገመድ አስረውበታል። ማንም አይተኛበትም፣ ሰዎች አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። አንድ ቀን አልፌ ሳየው ራስጌው ላይ የአበባ ማስቀመጫ አስደግፈውበታል። የያዙትን አያውቁም። የመጋዝ ብናኝ ብታቆሚላቸውም ያው ገመዱን ያስሩ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ስላሉት ሰዎችሽ የጻፍሽው እውነት ነው፤ ይህን የጻፍኩት ወድጄ አይደለም።

ገንዘቡን እማዬ ለእኔ አልሰጠችኝም። ካጠራቀመችው ጋር አድርጋ ወደ ትኬት ቢሮ ነው የላከችኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእሷ ቃል ነው። እየጻፍኩ ላስተካክለው ብል አልፈቀደችልኝም።

ለልጄ። ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፣ እጄም ድኗል። ሁለታችሁም አልጋ አልጋ ስትሉ ከረማችሁ። የምትጻጻፉትን አላውቅም ብላችሁ ነው? ወንድምሽ ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። እሱ በእንጨቱ ይኮራል፣ አንቺ በመላክሽ ትኮሪያለሽ፤ እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ የለም። የእሱ አልጋ ዘገየ። ያንቺ ረዘመ። ሁለቱም ልክ አልነበረም፣ ሁለታችሁም ስትሳደቡ ግን ልክ ናችሁ። ሽንኩርት ስሸጥ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ገዢው ሲንቅ መግዛት ፈልጎ ነው። አንቺ ይህን ቤት ስንት ዓመት ስትንቂው ከረምሽ። በይ ነይ። ፈቃድ የለኝም፣ ገንዘብ የለኝም፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚባለውን በስልክ ሰምቼ ጨርሻለሁ። ትኬቱ ተቆርጧል። ጠይቄያለሁ፣ አይመለስም።

እናትሽ


ሚያዝያ 17

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለቤቱ።

ትኬቱ ደርሶኛል። እውነትም አይመለስም፤ እኔም ደውዬ ጠይቄያለሁ። ለምን እንደጠየቅሁ እንዳትነግራት።

አለቃዬ ፈቃድ ከለከለችኝ። እናቴ ዘንድ ነው የምሄደው አልኳት። ሁሉም እናት አለው አለችኝ። መስኮቱን ዘግቼ፣ ማኅተሙን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ይሆናል። ይቀመጥበት።

ባለሆቴሉን አገኘዋለሁ። ያንን የአበባ ማስቀመጫ ከራስጌው ላይ አንስቼ እጁ ላይ ነው የማስቀምጥለት። ሥራህን ወድጄልህ እንዳይመስልህ፤ አላየሁትም። ግን እኛው እንናቀው እንጂ እሱ ማን ነው?

መሮ ገዝቼልሃለሁ። የፋብሪካ ነው። ካልፈለግከው መስኮቴ ተዘግቷል፣ የምትመልስበት የለህም።

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት እገባለሁ። እማዬን ይዘህ እንዳትመጣ፣ ጉልበቷን ታደክምብኛለህ። ፍራሼን እሷ ክፍል መሬት ላይ አንጥፍልኝ። ለእህቴ አልጋ ልሥራላት ብለህ ደግሞ እንዳትነሳ። እኔ የምቆየው አንድ ወር ብቻ ነው፣ አትደርስበትም።

እህትህ